«ትኩስ ነው!» — ስለ ቡናና ሻይ አቀራረብ ታሪክ አንዳንድ ነጥቦች

ስለ ቡና የተጻፈውን ስናገላብጥ አንድ ነገር ይገርመናል። ቡና ከየት እንደመጣ የማይተርክ የለም። ከፋን የሚያነሣ አለ፤ ካልዲ ስለሚባለው እረኛና ስለጨፈሩት ፍየሎቹ የሚያወራ አለ። (ተረቱን አሳትሞ ያወጣው እኮ ሮም ይኖር የነበረ ፋውስቶ ናይሮኒ የሚባል ማሮናዊ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1671። «ካልዲ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ የተለጠፈ ነው።) ስንት ኩንታል ወደ ውጭ እንደተላከ፣ ስንት ምንዛሪ እንዳስገባ የሚቆጥርም ሞልቷል። ያ የፈላ ነገር ከእሳት ተነሥቶ ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ባለችው ሁለትና ሦስት እርምጃ ውስጥ ምን እንደሚደረግ፣ ማን ተሸክሞት እንደሚመጣ፣ ቢደፋስ በማን ላይ እንደሚደፋ የጻፈ ግን ብዙ አላጋጠመንም። በዚች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ይህችኑ ሁለት ሦስት እርምጃ ነው።

«ይህም ታሪክ ሆኖ ተጻፈ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ታሪክ የዘመቻና የዙፋን ብቻ ነው ብለን ካልተማማልን በስተቀር፣ ሰፊው ሕዝብ በቀን ሦስት ጊዜ የሚያደርገው ነገር ታሪክ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም። ደግሞም ነገሩ ያቃጥላል።

ይህን እንድናስብ ያደረገን ኮዬ ፈጬ ነው። ከመካከላችን የሁለቱ ቤተሰቦች እዚያ ስለሚኖሩ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተከተልን እንሄዳለን። ሠፈሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ወዲያ በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚገኝ፣ ትናንት የኦሮሞ ገበሬ ማሳ የነበረ፣ ዛሬ ግን ኮንዶሚኒየም ተደርድሮበት ዐይን የማይጨርሰው ሜዳ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የቤቶቹ ዕጣ ሲወጣ የተነሣውን ተቃውሞ፣ «ቤቱ የማን ነው? መሬቱስ የማን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ አገር ያወቀው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ክፍለ ከተማ ሲሆኑ ኮዬ ፈጬም በስሙ አንድ ክፍለ ከተማ ሆኗል። ይህ ሁሉ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። ያልተጻፈው ከብሎኩ ሥር ያለው ነው።

ከብሎኩ ሥር ጀበና ቡና አለ። አንዲት ሴት፣ አንድ የከሰል ማንደጃ፣ አንድ ረከቦት፣ ከጉልበት በታች የሆኑ አምስት ስድስት የፕላስቲክ በርጩማዎች። ቦታው ደግሞ ሁልጊዜ መተላለፊያ ነው፤ ከደረጃው የሚወርደው ሰው ሁሉ አልፎት ስለሚሄድ ገበያው እዚያ ነው። ልጆች ኳስ ይመታሉ። ሜዳ ነውና ነፋሱ አይጣል ነው። አንድ ቅዳሜ ኳሷ ተንከባልላ ማንደጃውን ስትገፋው ጀበናው ወደተቀመጡት ሰዎች አዘነበለ፤ ሴትየዋም ሆዱን በባዶ መዳፏ ደግፋ መለሰችው። በደንበኞቹ ላይ ጠብታ አልነካም። «እህቴ፣ ተቃጠልሽ እኮ!» ስንላት መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረግ አድርጋ፣ «ምንም አይደል፤ ለምዶታል» አለችን። እጅዋ ለምዶታል ማለቷ ነው። እጅ እሳትን እስኪለምድ ስንት ዓመት ይፈጃል? ማንስ ነው እንዲለምድ የፈረደበት? ከዚህ ተነሥተን ወደኋላ እንሂድ።

ቡና ቤት ውስጥ በነበረበት ዘመን ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱን እንግዶች ሲጽፉት ቄጤማው፣ ዕጣኑና ፈንዲሻው ላይ ይቆማሉ። እውነት ነው፣ ያምራል። ነገር ግን ሥርዓቱን በደንብ ስንመለከተው ከማማሩ ሌላ ሥራ ይሠራል። ማንደጃው ከአፍላዋ አጠገብ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ በእሷና በማንደጃው መካከል ማንም አያልፍም። እንግዳው ዙሪያውን ይቀመጣል እንጂ አይቆምም፤ ተነሥቶም ወዲያ ወዲህ ማለት ነውር ነው። ጀበናው ፈልቶ ሲወርድ ወዲያው አይቀዳም። ማቶቱ ላይ አንገቱን አዘንብሎ አተላው እስኪረጋ ይቆያል። ለጣዕም ተብሎ የሚደረገው ይህ ቆይታ ሙቀቱንም ያበርዳል። ከዚያ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ እንደተቀመጡ ይቀዳባቸዋል እንጂ በሰው እጅ ላይ ሆነው አይቀዳባቸውም። እነዚህን ሁሉ «የደኅንነት ደንብ» ብሎ የጠራቸው የለም። ወግ ነው የተባሉት። እኛ ግን ወግ ከሚባለው ነገር ውስጥ ግማሹ፣ በቃጠሎ ከተማሩ ሴቶች የተጠራቀመ ዕውቀት ነው እንላለን።

ሲኒዋም ራሷ ታስተምራለች። ጆሮ የላትም። ከዐረብ አገር ፍንጃን የመጣው ፍንጃልም ጆሮ አልነበረውም። («ሲኒ» የሚለው ቃል በዐረብኛ «ቻይናዊ» ማለት ነው፤ የሸክላውን አገር ያመለክታል። ዛሬም መርካቶ የምንገዛው ሲኒ ብዙው ከቻይና መሆኑን ስናስብ ስሟ ዞሮ ዞሮ እውነት ሆኗል።) ቱርኮች ለጣት እንዳያቃጥል ዛርፍ የሚባል የብረት ማቀፊያ አበጁለት። አውሮፓውያን ከቻይና በመጣው የሻይ ጽዋ ላይ በ18ኛው ምዕት ዓመት ጆሮ ቀጠሉበት። የእኛ ቤት ሲኒ ግን እንዲሁ ቀረች። እንደ ኋላ ቀርነት የሚያየው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን። ጆሮ የሌለው ሲኒ ሲያቃጥል ጣት ይሰማዋል፤ ጣት ያልቻለውን ምላስም አይችለውምና ሰውየው ያስቀምጠዋል፣ ያወራል፣ ይጠብቃል። ጣት ቴርሞሜትር ሆነ ማለት ነው። ጆሮ ያለው ስኒ ይህን ማስጠንቀቂያ ወሰደው፤ ጣት ተመቸው፣ ከንፈር ከፈለ።

ይህን ስንል የአባቶቻችንን ቤት ገነት ለማድረግ አይደለም። የመጀመሪያዋን ሲኒ ለትልቅ ሰው የሚያደርሰው ማነው? ትንሹ ልጅ ነው! አፍ እስከ ገደፏ የሞላች ሲኒ — ጎደል ያለች ከሆነች ንፍገት ነውና — በሕፃን እጅ ተይዛ፣ በእንግዶች እግር መካከል ትሄዳለች። ልጁ ጨዋ ነው ተብሎ ይመረቃል። ይህ ከወጉ ውስጥ ማንም ያላረመው ቀዳዳ ነው። በአገራችን በፈላ ነገር ከሚቃጠሉት ውስጥ ብዙዎቹ እቤታቸው የተቃጠሉ ሕፃናት መሆናቸውን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ጨዋነት የሚለካበት ሌላ መንገድ አይጠፋም ነበር።

ወደ ከተማው እንለፍ። የመካከለኛው አገር ክርስቲያን እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ አካባቢ ድረስ ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው እያለ ይርቀው ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ሆቴል የሚባል ነገር ሲመጣ፣ ጣይቱ ሆቴል በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ሲከፈት፣ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ከተማው ሲደርስ፣ ሰው ከቤቱ ውጭ ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ትኩስ ነገር መጠጣት ጀመረ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ሱቅና ቡና ቤት ከፈተ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እቤት ቡናው ሲቆላ ጢሱን አሽትተሃል፣ ሲወቀጥ ሰምተሃል፣ ሲፈላ አይተሃል። ቡና ቤት ውስጥ ግን ከመጋረጃ ወይም ከባንኮኒ ጀርባ ተሠርቶ ይመጣልሃል። ትናንት የተፈላ ይሁን ዛሬ በምን ታውቃለህ? በትኩሳቱ ብቻ! እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ትኩሳት የሙቀት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእምነት ጉዳይ ሆነ። የበረደ ቡና ያቀረበ ቤት ያታለለ ቤት ነው። «ሞቅ አድርገው!» የምንለው ምላሳችን ማቃጠል ስለሚወድ አይደለም፤ ያላየነውን ነገር የምናረጋግጥበት ሌላ መንገድ ስላጣን ነው። ለእኛ የዚህ ሁሉ ታሪክ መጋጠሚያ ይህ ነው።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ባሩም፣ ማኪያቶውም፣ የቡና ማሽኑም አብረው ተከተሉ። ፋሺስቱ ሲባረር ማሽኑ ቀረ፤ ማሽኑን በመጥላት የታወቀ አርበኛ አልሰማንም። ማሽኑ የራሱ የዘር ሐረግ አለው። ቱሪን ላይ አንጄሎ ሞሪዮንዶ እ.ኤ.አ. በ1884 በእንፋሎት የሚሠራውን አስመዘገበ፤ ሚላን ላይ ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 ለአንድ ሲኒ በአንድ ጊዜ የሚያወጣውን አሻሻለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአኪሌ ጋጃ ባለ ማንሻ ማሽን ዛሬ የምናውቀውን አረፋ አመጣ። ፒያሳ ያለው ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ተከፈተ፤ እዚያ ሰው ረጃጅሙን ጠረጴዛ ተደግፎ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ቆሞ መጠጣት! ከአያቶቻችን ወግ ዋናው «እንግዳ ተቀምጦ ነው» የሚለው ነበር። ከተማ ሰውን አቆመው፣ አቻኮለው፣ ትኩሱን ብርጭቆ በሰው ትከሻ መካከል አሳልፎ ሰጠው።

ስለ ብርጭቆ ካነሣን አይቀር፣ ማኪያቶና ሻይ በብርጭቆ የማቅረቡ ልማድ አንድ ቃል ይገባዋል። ብርጭቆው ትንሽ ነው፣ ስስ ነው፣ ጆሮ የለውም። የሚያምርበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወተቱና ቡናው ሲለያዩ፣ ስፕሪሱም ሲደራረብ ይታያል፤ ዐይን እንደገና ምስክር ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ሸክላ ሙቀትን ለጣት ቀስ ብሎ ያሳልፋል፤ ስስ ብርጭቆ አይታገሥም። ከቀዝቃዛ ውሃ ወጥቶ የፈላ ነገር በድንገት ሲገባበትም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህ ነው አዋቂ አስተናጋጅ ብርጭቆውን በአፉ ጠርዝ ይዞ ከማስቀመጫው ሳህን ጋር የሚያቀርበው። ያላወቀው ደግሞ በናፕኪን ጠቅልሎ ይሰጥሃል፤ ናፕኪኑ ሲርስ ሙቀቱን ይዞ ጣትህ ላይ ይለጠፋል።

ከእኛው መካከል አንዱ ክረምት ክረምት ከተማ ውስጥ አንድ ካፌ ያስተናግድ ነበር። የካፌውን ስም አንጠራም። አንድ ጧት ስድስት ሻይ በአንድ ትሪ ይዞ በወንበሮች መካከል ሲያልፍ፣ ስልክ የተደወለለት ሰው ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ብድግ አለ። ትሪው ወደ ልጁ ዞረ። ሻዩ ከክርኑ እስከ አንጓው ወረደበት። ባለቤቱ መጥቶ መጀመሪያ የቆጠረው የተሰበረውን ብርጭቆ ነው፤ ወሩ ሲያልቅም የአራት ብርጭቆ ዋጋ ከደሞዙ ላይ ተነሣ። ጓደኛችን ዛሬ ጠባሳውን «የአፍሪካ ቀንድ ካርታ» እያለ ይቀልድበታል። ቀልዱን እንስቅለታለን። ነገር ግን ሒሳቡን አስቡት። የደንበኛው ሱሪ ቢበላሽ ይቅርታ የሚጠይቀው አስተናጋጁ፣ ብርጭቆው ቢሰበር የሚከፍለው አስተናጋጁ፣ ክንዱ ቢቃጠል የሚታመመው አስተናጋጁ። ስለ አሠሪና ሠራተኛ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም ካሣ ይደነግጋል። አዋጁን ትሪ ተሸክሞ የሚያነበው ማነው?

ሕግ ካነሣን ዘንድ በዓለም የታወቀውን የቡና ክስ ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም፤ በተለይ ሰው ሁሉ አጣሞ ስለሚያወራው። የካቲት ወር እ.ኤ.አ. 1992፣ አልበከርኪ በምትባል የኒው ሜክሲኮ ከተማ፣ ስቴላ ሊቤክ የተባሉ የ79 ዓመት አሮጊት ከማክዶናልድ በ49 ሳንቲም አንድ ቡና ገዙ። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ የልጅ ልጃቸው መኪናውን አቁሞላቸው ስኳርና ወተት ሊጨምሩ ክዳኑን ሲከፍቱ በጭናቸው ላይ ተገለበጠ። የለበሱት ጨርቅ መጠጠውና ቆዳቸው ላይ ያዘው። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ከሌላ ገላቸው ቆዳ ተነሥቶ ተለጠፈላቸው። ለሕክምናና ለመሳሰለው 20,000 ዶላር ቢጠይቁ ኩባንያው 800 አቀረበ። ነገሩ ችሎት ደረሰ። እዚያም ኩባንያው ቡናውን ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያቆየ እንደሚሸጥ፣ ባለፉት ዐሥር ዓመታትም ስለ ቃጠሎ ከ700 በላይ አቤቱታ እንደደረሰው ታወቀ። በ1994 ዳኞቹ 200,000 ዶላር ፈረዱላቸው፤ ከዚያ ላይ ሃያ በመቶ ጥፋቱ የራሳቸው ነው ብለው ወደ 160,000 ዝቅ አደረጉት። ለመቅጫ የተጨመረው 2.7 ሚሊዮን ዶላር የኩባንያው የሁለት ቀን ያህል የቡና ሽያጭ ነበር። የችሎቱ ዳኛ ይህን ወደ 480,000 አወረደው፤ በኋላም ሁለቱ ወገኖች በምሥጢር ተስማሙ። ሀብታም የሆኑት አሮጊት ቀልድ ሆነው በየቴሌቪዥኑ ሲሳቅባቸው ኖሩ። ሰባት መቶው አቤቱታ ግን ቀልድ ውስጥ አልገባም።

ለእኛ የሚጠቅመን ሃያ በመቶዋ ናት። በእኛ አገርም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተመሳሳይ መንገድ አለው። ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። ቁጥር 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉድለቱ በልማድ በሚደረግ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኃላፊነት የለም። ቡና ትኩስ መሆኑን ማን አያውቅም? ይህችን ይዞ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። እኛም የሕግ ተማሪ ባንሆንም መልስ አለን፤ ትኩስ መሆኑ ይታወቃል፣ ምን ያህል ትኩስ እንደሆነ ግን ክዳን በተገጠመበት ጽዋ ውስጥ ማንም አያውቅም። ቁጥር 2098ም ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሣው በከፊል ይሆናል ማለቱ ነገሩን ወደ ሽማግሌ ሚዛን ያቀርበዋል። ለነገሩ ሽምግልናው እንዴት እንደሚያልቅ ሁላችንም አይተናል፤ ባለቤቱ «ይቅርታ» ይላል፣ ደንበኛው «ችግር የለም» ይላል፣ ሌላ ማኪያቶ በነፃ ይመጣል። እሱም ትኩስ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዲግሪው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሞሪትስና ኤንሪከስ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቆዳ በስንት ሙቀት፣ በስንት ጊዜ እንደሚቃጠል ለኩ። 60 ዲግሪ ላይ ቆዳ እስከ ሥሩ ለመቃጠል አምስት ሰኮንድ ያህል ይበቃዋል፤ 70 ሲደርስ አንድ ሰኮንድ ገደማ ነው። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚህም ይፈጥናል። አንዳንድ ሰው «እኛ ደጋ ነን፣ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ እንደ ቆላው 100 አይደርስም» ይለናል። ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር አባባሉ ትክክል ነው። ግን 92 ዲግሪም ጊዜ አይሰጥም። ከፍታው ለጤፉ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለክንድ አይጠቅምም። የማሽኑ የወተት ማሙቂያ እንፋሎት ደግሞ በግፊት ስለሚወጣ ከዚህም በላይ ነው፤ ለዚያውም አይታይም።

የሚጠጣውም ቢሆን ገደብ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቧል፤ ቡና ወይም ሻይ ስለሆነ አይደለም፣ ስለሞቀ ነው። የጉሮሮ ካንሰር በሚበዛባቸው በአርሲና በባሌ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶችም ትኩስ ገንፎን ሳይበርድ መብላትን ከተጠርጣሪዎቹ መካከል አንሥተዋል። እኛን ግን ይበልጥ የሚያሳስበን የሚደፋው ነው። የሚጠጣው ሰው ቢያንስ በፈቃዱ ነው።

ከተቃጠሉስ በኋላ? እዚህ ላይ የእናቶቻችን ዕውቀት ይከዳናል ስንል ቅር አይበላቸው። ቅቤ፣ የእንቁላል ውሃ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አንዳንዴም የቡናው ዱቄት ራሱ ይነሰነሳል። ሁሉም ሙቀቱን ቆዳ ውስጥ ዘግቶ ያስቀራል፤ ቁስሉንም ለሐኪም አስቸጋሪ ያደርገዋል። የሚረዳው ቶሎ ብሎ የራሰውን ልብስና ቀለበቱን አውልቆ ለሃያ ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ በረዶ ግን አይሆንም። ይህን ለኮዬ ፈጬ ሰው ስንነግር አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሃያ ደቂቃ ከየት ይምጣ?» አሉን። ልክ ናቸው። ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ ማፍሰስም ይሆናል፤ የፈሰሰውንም ሳፋ ውስጥ አጠራቅሞ ደግሞ መድገም ካለመኖር ይሻላል። ቃጠሎው የጠና ከሆነ ግን በከተማው የቃጠሎ ክፍል ካላቸው ሆስፒታሎች የታወቀው የካቲት 12 ነው፤ ስድስት ኪሎ! ከኮዬ ፈጬ እስከዚያ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። በጀበና የተቃጠለ ሕፃን ታቅፎ ታክሲ መጠበቅ ምን እንደሆነ፣ ግቢያችን ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለን እኛ አናውቀውም።

እንግዲህ ጀበናው ከቤት ወጥቶ በረንዳና መንገድ ዳር መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የሆነውን እናስተውል። ማሽኑ የነጠቀውን እምነት ጀበናዋ መለሰችው፤ ደንበኛው እንደገና ሲቆላ ያያል፣ ሲፈላ ያያል። ርካሽም ናት። ለብዙ ሴቶችም እንጀራ ሆናለች። ቄጤማው እንኳ በፕላስቲክ ሣር ተተክቶ አብሮ ወጥቷል፣ ዕጣኑም ወጥቷል። ግድግዳው ግን አልወጣም። በአፍይዋና በእሳቱ መካከል ማንም አይለፍ የሚለው ወግ፣ ሕንፃ በሌለበት ወግ ብቻ ሆኖ መቆም አልቻለም። ጀበናው እስኪረጋ የሚጠብቅ ጊዜም አልወጣም፤ ለሥራ የሚቸኩል ሰው «ቶሎ በይ እህቴ» ይላታል። ሲኒዋም አሁንም እስከ ገደፏ ትሞላለች፤ ጎደል ብታደርጋት ሰረቀችኝ ይባላላ።

ኮንዶሚኒየሙን የነደፉት ሰዎች ስለ ሕዝቡ አኗኗር አላሰቡም ማለት ስም ማጥፋት ነው። በየግቢው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የጋራ ቤት ተሠርቷል፤ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው። በጉ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው የሚታረደው። ቡናው ግን በየቀኑ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ይፈላል፤ እሱን ያሰበለት ንድፍ አላየንም። አንዳንዶቹ ኮሚናሎች ተቆልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ለሌላ ሥራ ተከራይተዋል። ከደረጃው አፍ አሥር እርምጃ ፈቀቅ ያለ፣ በሦስት ጎኑ እስከ ወገብ በብሎኬት የታጠረ፣ ማንደጃው የሚገባበት ጉድጓድ ያለው፣ አንድ የውሃ በርሜል የተቀመጠበት ጥግ ስንት ያወጣል ብለን አንድ ግንበኛ ጠይቀን ነበር። ቦታውን ካሳያችሁኝ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም አለን። ሴቶቹን ስንጠይቅ ደግሞ ብሎኬቱን ለመግዛት ፈቃደኛ የሆኑ አሉ፤ የሚፈሩት ከሠሩት በኋላ «ሕገ ወጥ ግንባታ ነው» ተብሎ እንዳይፈርስባቸው ነው። ቦታውን የሚያሳየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳው ወደ ክፍለ ከተማው ሄደናል። እስካሁን ያገኘነው ቀጠሮ ለሚመጣው ማክሰኞ ነው።